ሁሉን በአንድ ድስት አትክተቺ፦ የኤአይ ረዳትን በቻትና በፕሮጀክት ከፋፍሎ መጠቀም

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንዲት እህታችን እዚህ ቤይሩት ወዳለው ማዕከላችን መጣች። የአምስት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። ቡናው እንኳ ሳይቀርብላት ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝና «እቴ፣ ማስረጃ አለኝ፤ ሁሉንም በየቀኑ ለኤአይ ስነግረው ነው የከረምኩት» አለችኝ። ደስ አለኝ። ብዙ እህቶች ባዶ እጃቸውን ነው የሚመጡት።

ቻቱን ከፍቼ ወደ ላይ መሳብ ጀመርኩ። አያልቅም። የመቅሉባ አሠራር፣ ለእናቷ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የትንሹ ልጅ የቤት ሥራ፣ የወገብ ሕመም፣ የፀጉር ቅባት። በዚያ ሁሉ መካከል እዚህም እዚያም ተበትኖ «የዚህም ወር አልሰጠችኝም» የሚል ይገኛል። «እስኪ ስንት ወር እንደቀረሽ ጠይቂው» አልኳት። ጠየቀችው። አራት ወር አለ። ደግማ ስትጠይቀው ስድስት ወር አለ። ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ።

ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ስንለቅም ምክንያቱ ተገኘ። ጓደኛዋ የመለሰችላትን የ200 ዶላር ብድር እንደ ደመወዝ ቆጥሮ አንድ ወር ቀንሶባታል። በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ አንዱን ወር አንዴ «ኅዳር» አንዴ «ኖቬምበር» ብላ ስለጻፈችው ሁለት ወር አድርጎ ቆጥሮላታል። ያን ሁሉ ለይቶ ለማውጣት ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ የነገራት ሰው አልነበረም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ነው።

እኔም እንደ አንቺ በሰው ቤት ሠርቻለሁ። በእኔ ጊዜ ኤአይ አልነበረም፤ የወር ክፍያዬን ወጥ ቤት በተሰቀለው ካላንደር ጀርባ ላይ በእርሳስ እጽፍ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ካላንደሩ ተጣለ፣ ሂሳቤም አብሮ ተጣለ። ከቤቱ ስወጣ «ስንት ወር ነው የቀረሽ?» ስባል አፌን ሞልቼ መናገር አልቻልኩም። የሰጡኝን ተቀብዬ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ መዝገብሽን እንደ ገንዘብሽ አድርገሽ እይው።

ቻት ምንድን ነው? ፕሮጀክትስ?

የምትሠሪበትን ወጥ ቤት አስቢ። የመታጠቢያ ቤቱን ጨርቅ ለሳህን አታደርጊውም። የበርበሬውን ማንኪያ ስኳር ውስጥ አትከቺውም። ቻትም እንደዚያ ነው።

ቻት ማለት ከረዳቱ ጋር የምታደርጊው አንድ ውይይት ነው። ረዳቱ ለእያንዳንዱ ጥያቄሽ መልስ ሲሰጥ በዚያው ቻት ውስጥ ከላይ የተጻፈውን መልሶ እያየ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው የተደባለቀ ከሆነ መልሱም ይደባለቃል። ቻቱ በጣም ሲረዝም ደግሞ መጀመሪያ የነገርሽውን ሊስት ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው መጠን አለውና። አዲስ ቻት ስትከፍቺ ግን እንደ ታጠበ ድስት ነው፤ ከባዶ ይጀምራል። አንዳንዱ አፕ ስለ አንቺ ጥቂት ነገር ከቻት ወደ ቻት ያስታውሳል፤ ሆኖም በእሱ ተማምነሽ ሂሳብ አትያዢ።

ፕሮጀክት ደግሞ መደርደሪያው ነው። ተመሳሳይ ቻቶችን በአንድ ስም ሥር ሰብስቦ ያስቀምጣል። ሁለት ተጨማሪ ጥቅም አለው፦ አንደኛ፣ አንድ ጊዜ የጻፍሽውን መመሪያ በዚያ ፕሮጀክት ውስጥ በሚከፈት ቻት ሁሉ ያነበዋል። ሁለተኛ፣ ፎቶና ፋይል ማስቀመጥ ትችያለሽ። በቻትጂፒቲና በክሎድ ላይ ፕሮጀክት የሚባል ክፍል አለ፤ በነጻ የሚፈቀደው መጠን እንደ አፑ ይለያያል። ገንዘብ ክፈይ ቢልሽ አትክፈይ። ፕሮጀክት ከሌለሽ የቻቶቹን ስም በአንድ ዓይነት ቃል ጀምሪው፦ «ደመወዝ ጃንዋሪ»፣ «ደመወዝ ፌብሩዋሪ»። ያው ሥራ ይሠራልሻል። የቻት ስም ለመቀየር ስሙ ላይ ጣትሽን ተጭነሽ ቆዪ፣ ወይም ከጎኑ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኪ።

ሦስት መደርደሪያ ይበቃሻል

ብዙ መከፋፈልም ያደክማል። ለአብዛኞቻችን ሦስት ይበቃል።

1. ሥራና ደመወዝ። እዚህ ውስጥ ለየወሩ አንድ ቻት ክፈቺ። የተከፈለሽን፣ የቀረብሽን፣ የሠራሽበትን ሰዓት፣ የዕረፍት ቀን አግኝተሽ እንደሆነና እንዳልሆነ ብቻ ጻፊበት። ብድር፣ ስጦታ፣ የጓደኛ ገንዘብ እዚህ አይገባም።

2. ቋንቋና የቤት ሥራ። አረብኛ መማር፣ የማዳምን መልእክት መተርጎም፣ የምግብ አሠራር፣ የጽዳት ዕቃ ላይ የተጻፈውን ማንበብ። ምግቡን በአንድ ቻት፣ ቋንቋውን በሌላ አድርጊው። ስለ ልጆች መድኃኒት መጠን ግን እሱን አትጠይቂ፤ እናታቸውን ወይም ፋርማሲውን ጠይቂ።

3. ቤተሰብና ቁጠባ። ወደ አገር ቤት የላክሽው፣ ለራስሽ ያስቀረሽው፣ የልጅሽ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስትመለሺ ልትሠሪ ያሰብሽው። ለቤተሰብሽ የምትጽፊው ደብዳቤም እዚህ ይቀመጥ።

የልብሽን ብሶት ለረዳቱ መናገር የምትፈልጊበት ሌሊት ይኖራል። ይገባኛል፤ እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ግን ለዚያ የተለየ ቻት ክፈቺ፣ ሲያልቅም አጥፊው። ደመወዝሽ ከተጻፈበት ቻት ጋር አይቀላቀል። አንድ ቀን ያን ቻት ለጠበቃ ወይም ለቆንስላ ሰው ልታሳዪው ትችያለሽና።

መመሪያውን አንድ ጊዜ በደንብ ጻፊ

ሥራና ደመወዝ በሚለው ፕሮጀክት መመሪያ ላይ እንዲህ ብለሽ ልትጽፊ ትችያለሽ፦

«እኔ ሊባኖስ ውስጥ በሰው ቤት የምሠራ ኢትዮጵያዊት ነኝ። በቀላል አማርኛ መልስልኝ። ደመወዜ በወር 200 ዶላር ነው። ቀን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። ሰዓት የምጽፍልህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ከጎኑ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፍልኝ። እኔ ያልነገርኩህን ቁጥር አትጨምር። ያልገባህ ነገር ካለ ጠይቀኝ። ካላወቅህ አላውቅም በል።»

አገርሽንና ደመወዝሽን እንደ ራስሽ ቀይሪው። ፕሮጀክት ከሌለሽ ይህንኑ ስልክሽ ማስታወሻ ላይ አስቀምጪና በየአዲሱ ቻት መጀመሪያ ላይ ለጥፊው።

ስለ ሰዓቱ አጥብቄ የምነግርሽ ምክንያት አለኝ። አንዲት ሌላ እህት «ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ሌሊት 6 ሰዓት ተኛሁ» ብላ ጽፋ ነበር። ይህ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከ05:00 እስከ እኩለ ሌሊት ነው፣ ማለትም 19 ሰዓት። ረዳቱ ግን 11 እና 6 የሚለውን በፈረንጅ ሰዓት ወስዶ «ሰባት ሰዓት ሠርተሻል» አላት። የአሥራ ዘጠኝ ሰዓት ልፋት ሰባት ሰዓት ሆኖ ተቀመጠ! ቀኑም እንዲሁ ነው። የእኛ ወር ከፈረንጆቹ ወር ጋር በአንድ ቀን አይጀምርም፤ ዓመቱም በሰባት ወይም በስምንት ይለያል። አሠሪዎችና ቢሮዎች የሚቆጥሩት በፈረንጁ ነውና መዝገብሽም በፈረንጁ ይሁን።

አገርሽን መጻፍም ትልቅ ነገር ነው። አንዲት እህት አገሯንና ሥራዋን ሳትናገር ስለ ሥራ ሰዓት ጠይቃ ነበር፤ በኋላ ሊባኖስ ስትለው «የሊባኖስ ሕግ በሳምንት 48 ሰዓት ነው የሚለው» አላት። ሕጉ እንደዚያ ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን ይኸው የ1946 የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 ላይ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ ያደርጋቸዋል። በዚህች እህት እጅ የነበረው የ2009ኙ የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል ነው። እሱም በሳምንት ቢያንስ የ24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ይላል፤ ደመወዝም በሁለቱ ወገን በተፈረመ ደረሰኝ እንዲከፈል ያዛል። ማዳሟን በ48 ሰዓት ብትሟገት ኖሮ ተሸንፋ ትወጣ ነበር።

ከአገር አገር ይለያያል። ኩዌት በ2015 ስለ ቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 አውጥታለች። ኳታር በ2017 ሕግ ቁጥር 15 አውጥታለች፤ በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችም በ2022 አዋጅ ቁጥር 9 አላት። ስለዚህ የዱባይዋ እህትሽ ያገኘችው መልስ ለአንቺ ላይሠራ ይችላል። ረዳቱ ስለ ሕግ የሚነግርሽን ለጥያቄ መነሻ አድርጊው እንጂ ለክርክር አትያዢው። መጀመሪያ ለቆንስላ ወይም እንደ እኛ ላለ ማዕከል አሳዪ።

አዲስ ቻት እንደ ሁለተኛ ዓይን

ደመወዝሽን ለመጠየቅ ለማዳም መልእክት በአረብኛ ልታጽፊ ትፈልጊ ይሆናል። ጥሩ ነው። ግን ያልገባሽን አረብኛ በስምሽ አትላኪ። እንዲህ አድርጊ፦ ረዳቱ የጻፈልሽን አረብኛ ገልብጪ፣ አዲስ ቻት ክፈቺ፣ ለጥፊና «ይህ በአማርኛ ምን ይላል?» ብለሽ ጠይቂ። አዲሱ ቻት አንቺ መጀመሪያ ምን ለማለት እንደፈለግሽ አያይም፤ ያየውን ብቻ ይነግርሻል። «ደመወዜን በትሕትና እጠይቃለሁ» ያልሽው «ደመወዜን ካልሰጠሽኝ እሄዳለሁ» ሆኖ ከተመለሰ፣ ሳይላክ ተረፍሽ ማለት ነው።

አማርኛው ጎርበጥ ሊልብሽ ይችላል፤ ከእንግሊዝኛና ከአረብኛ ይልቅ በአማርኛ ይሳሳታል። አረብኛ መናገር የምትችዪ ከሆነ በድምፅ በአረብኛ ብትጠይቂው አንዳንዴ የተሻለ ይገባዋል።

አረብኛ የተጻፈበት ወረቀት ፈርሚ ስትባዪም እንዲሁ። በተቻለሽ መጠን ፎቶ አንሺና አስተርጉሚ። «ደመወዜን ሁሉ ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ሳያውቁ የፈረሙ እህቶች ብዙ አይቻለሁ።

የእሑድ አሥር ደቂቃ

በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከሌለሽ ባገኘሽው ቀን፣ አሥር ደቂቃ ስጪው።

የዚያን ወር ቻት ክፈቺና «እስካሁን የነገርኩህን በቀን በቀን በዝርዝር አስቀምጥልኝ» በይው። የሰጠሽን ዝርዝር ከምታስታውሺው ጋር አመሳክሪ። ድምሩን ራስሽ በካልኩሌተር ደምሪው፤ ረዳቱ መደመር ይሳሳታል። ትክክል ከሆነ በደብተር ላይ ገልብጪው። ወሩ ሲያልቅ የመጨረሻውን ዝርዝር በአዲሱ ወር ቻት መጀመሪያ ላይ ለጥፊና ቀጥዪ። እንዲህ ሲሆን ቻቱ አይረዝምም፤ ያለፈውም አይጠፋም።

ደብተር ለምን? እንዳልሽ አውቃለሁ። ለረዳቱ የነገርሽው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አንቺ ያልሽው ነውና። ማስረጃ የሚሆነው የሐዋላ ደረሰኝ፣ ማዳም በዋትስአፕ የላከችልሽ መልእክት፣ የተፈረመ ወረቀት፣ ውልሽ ነው። ረዳቱ እነሱን በቅደም ተከተል እንድታስቀምጪ ያግዝሻል። ዋናውን ፎቶ ለምታምኚው ሰው አስቀድመሽ ላኪ። ስልክ ይሰበራል፣ ይወሰዳል።

የማይገባ ነገር

የፓስፖርት ቁጥርሽን፣ የኢቃማ ቁጥርሽን፣ የባንክ ቁጥርሽን፣ የይለፍ ቃልሽን ለረዳቱ አትስጪ። የውል ፎቶ ከማስገባትሽ በፊት ስምና ቁጥሩ ላይ ወረቀት አስቀምጪና አንሺ። ሂሳብ ለመሥራት ስም አያስፈልገውም፤ «ማዳም» ብትዪ ይበቃል። የአሠሪዎችሽን ልጆች ፎቶ አታስገቢ፤ ለልጆቹም ለአንቺም ጥሩ አይደለም፣ ክስም ሊያመጣብሽ ይችላል።

አካውንቱን በራስሽ ኢሜይል ክፈቺ። በማዳም ስልክ ወይም በደላላ ኢሜይል አይሁን። ኢሜይሉንና የይለፍ ቃሉን በቃልሽ ያዢ፤ ስልክሽ ቢወሰድብሽ በሌላ ስልክ ገብተሽ መዝገብሽን ልታገኚው ትችያለሽ።

ስልክሽን የሚፈትሽ ሰው ካለ ደግሞ የቻቱን ስም ዝቅ አድርጊው። «ያልተከፈለኝ» ከማለት «ወጥ» ብትዪው ማንም አይጠይቅሽም። አማርኛ ነው ብለሽ አትመኚ፤ ስልክ በካሜራ ይተረጉማል። በጣም የምትፈሪ ከሆነ ጽፈሽ፣ በደብተር ገልብጠሽ ወይም ለምታምኚው ልከሽ ቻቱን አጥፊው። አንዳንዱ አፕ በዝርዝር ውስጥ የማይቀመጥ ጊዜያዊ ቻት አለው፤ ለአንድ ጊዜ ጥያቄ እሱን ተጠቀሚ። ከመዝገብ ሁሉ በፊት ደኅንነትሽ ይቀድማል።

ሰው አይደለም

ረዳቱ ሌሊት ሁሉ ይመልስልሻል፣ አይቆጣሽም፣ አይሰለችሽም። ነገር ግን በር አያንኳኳልሽም። ቢመቱሽ፣ ቢቆልፉብሽ፣ ሰው ያለ ፈቃድሽ ቢነካሽ፣ ወይም ራስሽን ለመጉዳት የሚያስብ ሐሳብ ቢመጣብሽ ቻት አትክፈቺ፤ ሰው ጥሪ። በሊባኖስ ፖሊስ 112፣ ቀይ መስቀል 140 ነው። በኩዌት 112፣ በኤምሬቶችና በኳታር 999፣ በሪያድና በመካ አካባቢ 911 ነው። የቆንስላውንና የማዕከላችንን ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ከስልክሽ ውጭ አስቀምጪ።

ያቺ እህታችንስ ምን ሆነች? የለቀምነውን ዝርዝር በቀን በቀን በአንድ ገጽ ጻፍነው። ከጎኑ የሐዋላ ደረሰኞቿንና የማዳምን የዋትስአፕ መልእክቶች አያያዝን። ጠበቃችን ያን ገጽ ይዞ ደወለ። የሦስት ወሩን ተቀብላለች። የሁለቱ ወር ገና ነው፤ እየጠየቅን ነው። አሁን ግን ስንት ወር እንደቀራት ብትጠየቅ ትናገራለች፤ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዶላሩን ጠርታ ትናገራለች።

አንቺም ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። አዲስ ቻት ክፈቺ፣ የዚህን ወር ስም ስጪው፣ መጨረሻ የተከፈለሽን ቀንና መጠን ጻፊበት። አንድ መስመር ይበቃል። የቀረውን ነገ ትቀጥዪዋለሽ። ካልሆነልሽ ስልክሽን ይዘሽ ነዪ፣ አብረን እንከፍተዋለን።